አሮጌውን መስኮት ከመንቀላችን በፊት

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወዳጄ በአዲስ አበባ አራዳ አካባቢ ወደሚገኘው የቤተሰቡ ቤት ወሰደኝ። ቤቱ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱም የእንጨት ሰገነት ያለው ሲሆን በከተማይቱ የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ከተሠሩት አንዱ ነው። ወዳጄ ወደ መንገድ የሚመለከቱትን አራት መስኮቶች አሳየኝና «እነዚህን ነቅዬ አሉሚኒየም ላስገባ ነው፤ ፊዚክስ የምታስተምረው አንተ ነህና ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። አቤቱታው ረጅም ነበር። ሌሊት ብርድ ይገባል፤ በበጋ አቧራ፣ ቀንም ሌሊትም የመኪና ጩኸት ይገባል፤ በክረምት መስኮቱ አብጦ አልዘጋ ይላል፤ የታችኛው እንጨት ደግሞ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። የአሉሚኒየም ሠራተኛው መጥቶ ለክቶ ሄዷል፤ ሥራውንም በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብሏል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ የቆዩ ቤቶች ስለፈረሱ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት የሚሹ ሆነዋል። በእንደነዚህ ያሉ ቤቶች ላይ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚለወጠውም አካል መስኮቱ ነው። ጣራው ወይም ግድግዳው ሲነካ ጎረቤት ሁሉ ያያል፤ መስኮት ግን በአንድ ቅዳሜ ተነቅሎ በሰኞ ማለዳ የቤቱ ፊት ተለውጦ ይገኛል። በመሆኑም ለወዳጄ ወዲያው መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ መለስኩለት። ብርዱ የሚገባው በትክክል በየት በኩል ነው?

ሙቀት በመስኮት በኩል እንዴት ይወጣል?

ሙቀት ከሞቀ ስፍራ ወደ ቀዘቀዘ ስፍራ የሚሄደው በኮንዳክሽን፣ በኮንቬክሽንና በጨረራ መሆኑን ሁላችንም በክፍል ውስጥ ተምረናል። የሕንፃ ባለሙያዎች ሦስቱን በአንድ ቁጥር ጠቅልለው ይገልጿቸዋል። ቁጥሩ በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ሲኖር አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አካል ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያሳልፍ ያመለክታል። ለባለ አንድ መስታወት መስኮት ይህ ቁጥር 5.8 ገደማ ነው። ብዙ ነው፤ ብዙ የሆነውም መስታወቱ ስለሳሳ ይመስለናል።

እስቲ እናስላው። የ3 ሚሊ ሜትር መስታወት ሙቀትን የመቋቋም አቅም 0.003 ብቻ ነው። በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ የተለጠፈው ቀስተኛ የአየር ንጣፍ ግን 0.13፣ በውጭው ገጽ ላይ ያለውም 0.04 ያህል ይቋቋማል። የሦስቱ ድምር 0.173 ሲሆን አንድን ለዚህ ድምር ስናካፍል 5.8 እናገኛለን። እንግዲህ ከብርዱ ከሚከላከልልን አቅም ውስጥ የመስታወቱ ድርሻ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ የአየሩ ነው። መስታወቱን በእጥፍ አወፍረን 6 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ቁጥሩ ከ5.8 ወደ 5.7 ዝቅ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ «ወፈር ያለ መስታወት አስገባ» የሚለው ምክር ለድምፅ ጥቂት ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለብርድ ፋይዳ የለውም። የሚጠቅመው በሁለት መስታወቶች መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ማኖር ነው። 16 ሚሊ ሜትር ያህል አየር በመካከላቸው የያዙ ሁለት መስታወቶች ቁጥሩን ወደ 2.8 ያወርዱታል።

ወደ ወዳጄ ቤት እንመለስ። አንዱ መስኮት 1 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። የኅዳርን ሌሊት እናስብ፤ በውስጥ 18፣ በውጭ 9 ዲግሪ ነው እንበል። ለቀላልነት መስኮቱን በሙሉ እንደ መስታወት ብንቆጥረው በነጠላው 78 ዋት፣ በድርቡ 38 ዋት ያህል ይወጣል። ልዩነቱ 40 ዋት ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነቱ ያመነጫል። ስለዚህ ድርብ መስታወት በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያድነው ሙቀት ከአንድ እንግዳ ሙቀት በግማሽ ያነሰ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያላስገባነው አንድ ነገር ግን አለ። እርሱም ክፍተቱ ነው። የመስኮቱ ዙሪያ 5 ሜትር፣ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት መስመር 1.5 ሜትር፣ በድምሩ 6.5 ሜትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ስፋቱ 130 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ማለት በግድግዳው ላይ 11 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ እንዳለ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በግድግዳችን ላይ ብናገኝ በዚያው ምሽት በጨርቅ እንወትፈው ነበር፤ በመስኮት ዙሪያ ተዘርግቶ ሲገኝ ግን አናየውም። በዚህ ክፍተት አየር በሰኮንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢጓዝ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ካለው የአየር እፍግታ ጋር ሲሰላ፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀት 55 ዋት ያህል ነው። ድርብ መስታወት ከሚያድነው ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ለማመን መሣሪያ አያስፈልግም። ነፋስ ባለበት ምሽት ዕጣን አጭሶ ጢሱን በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ማዞር በቂ ነው። እኛም ይህንኑ አደረግን። ጢሱ በመስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበት ስፍራ ግን እንደ ክር ተስቦ ወደ ክፍሉ ተጎነበሰ። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ጢሱን ይዞ ቤቱን ሁሉ ዞረ። በበሩ ሥር፣ በተቀደደው የአቡጀዲ ኮርኒስና በግድግዳው ራስ መካከልም ያንኑ አየ። መስኮቶቹ በሙሉ ቢለወጡ እንኳ ቤቱ በኮርኒሱ በኩል መቀዝቀዙን አይተውም ነበር።

በክረምት የማይዘጋ፣ በበጋ የማይገጥም

ክፍተቱ ከየት መጣ? አናጺው ሲሠራው እንዲህ አልነበረም። እንጨት ሕይወቱ ካለፈ በኋላም እንደ አየሩ ሁኔታ እርጥበት ሲስብና ሲተፋ ይኖራል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ በሚሆንበት የክረምት ወቅት በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ በበጋ ወደ 10 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። እርጥበት ሲገባ እንጨቱ በርዝመቱ አያድግም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። ለብዙዎቹ እንጨቶች እርጥበት በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር ወርዱ በ0.2 በመቶ ያህል ይለወጣል። ስለዚህ 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የመስኮት ቋሚ፣ እርጥበቱ በ6 በመቶ ሲለዋወጥ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ባለ ሁለት ክንፍ መስኮት አራት ቋሚዎች አሉት፤ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

እንግዲህ በነሐሴ መስኮቱ አልዘጋ ሲል አናጺ ይጠራል፤ አናጺው መላጊያውን አውጥቶ ይልገውና ይዘጋል። ጥር ሲመጣ እንጨቱ ይሸሻል፤ የተላገው ግን አይመለስም። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ አናጺ ይመጣል። የወዳጄ መስኮቶች ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ የመላጊያ ታሪክ በግልጽ ይታያል። ለዓመታት ክፍተቱን ያሰፋው የእንጨቱ እርጅና ሳይሆን ወቅቱን ያልጠበቀ ጥገና ነው። የእንጨት መስኮትን በበጋ እንጂ በክረምት መላግ አይገባም፤ በክረምት የሚደረገው የተላጠውን ቀለም መቀባትና ውኃው የሚገባበትን መፈለግ ብቻ ነው።

ክፍተቱን ለመዝጋት ደግሞ መስኮቱን መንቀል አያስፈልግም። በክንፉ ጠርዝ ላይ ቀጭን ፈለግ አውጥቶ የጎማ ወይም የብሩሽ ማገጃ መሰካት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር የቅርስ ባለሙያዎች በአሮጌ የእንጨት መስኮት ላይ ባደረጉት ሙከራ ይህ ብቻ የሚያልፈውን አየር እስከ 86 በመቶ ቀንሶታል።

የኤዲንብራ ልምድ

በዚህ ጉዳይ ላይ በጥንቃቄ ከተለኩት መካከል የስኮትላንድ መስኮቶች ይገኙበታል። የኤዲንብራ አሮጌና አዲስ ከተማ የሚባሉት ሰፈሮች እ.ኤ.አ በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። «አዲስ» የተባለውም ዕቅዱ የወጣው እ.ኤ.አ በ1767 ነው። በእነዚህ ቤቶች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ፣ ከውስጥ በኩልም የሚታጠፉ የእንጨት መዝጊያዎች ያሏቸው መስኮቶች አሉ። አገሩ ቀዝቃዛ፣ የማሞቂያ ወጪውም ከፍተኛ በመሆኑ «ይነቀሉ» እና «አይነቀሉ» የሚለው ክርክር እዚያ ከእኛ እጅግ የበረታ ነው። የአገሪቱ የቅርስ ተቋም ክርክሩን በስሜት ከመተው ይልቅ በግላስጎው ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ በኩል አስለካው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ በ2008 ታተመ።

ውጤቱ ቀላልና አስገራሚ ነበር። በአሮጌው ነጠላ መስታወት በኩል የሚወጣው ሙቀት ወፍራም መጋረጃ ሲጋረድ በ14 በመቶ፣ የእንጨቱ መዝጊያ ሲዘጋ በ51 በመቶ፣ ከውስጥ በኩል ተደራቢ መስታወት ሲገጠም ደግሞ በ63 በመቶ ቀነሰ። ተደራቢ መስታወት ማለት ነባሩን መስኮት ሳይነኩ ከበስተውስጡ በቀጭን ክፈፍ የሚቆም፣ ሲፈለግም የሚነሣ ሁለተኛ መስታወት ነው። የቀድሞ ሰዎች የሠሩት ተራ የጣውላ መዝጊያ ሙቀቱን በግማሽ መቀነሱ ነው እኔን ያስደነቀኝ።

የወዳጄ ቤት መስኮቶችም መዝጊያ አላቸው። በውጭ በኩል ያሉ፣ አረንጓዴ የተቀቡ ናቸው። ነገር ግን በአንድ ወቅት ነፋስ እያንገጫገጫቸው እንቅልፍ ነስተው ኖሮ፣ ከግድግዳው ጋር በምስማር ተመትተው ቀርተዋል። ወዳጄ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዘጉ አይቶ አያውቅም።

በእኛና በኤዲንብራ መካከል ያለው ልዩነትም መነሣት አለበት። የአዲስ አበባ ቤቶች በአብዛኛው ማሞቂያ የላቸውም። ስለዚህ ድርብ መስታወት በገንዘብ የሚመልስልን የማሞቂያ ወጪ የለም፤ የምናገኘው ምቾት ብቻ ነው፤ ምቾቱም ከላይ እንዳሰላነው በአንድ መስኮት 40 ዋት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በአሉሚኒየም የሚተካው መስኮት ብዙ ጊዜ ባለ አንድ መስታወት ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከእንጨት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ በሚበልጥ መጠን ስለሆነ፣ በመካከሉ ሙቀት የሚያግድ ቁራጭ ካልገባበት በቀር ክፈፉ ራሱ ሌሊት ቀዝቃዛ ሆኖ ያድራል። በአንድ መስታወትና በተራ አሉሚኒየም የተተካ የእንጨት መስኮት ክፍተቱ በመዘጋቱ ይሻላል እንጂ በሙቀት መከላከል ከነባሩ አይሻልም።

የታሸገ አየር በከፍታ ቦታ

የታሸገ ድርብ መስታወት ለእኛ ከተማ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላና ባቄላ በቶሎ አልበስል እንደሚል እናውቃለን። ምክንያቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል በመሆናችን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ መሆኑ ነው፤ እዚያ 101 ኪሎ ፓስካል፣ እዚህ 76 ገደማ ይሆናል። አሁን በባሕር ጠረፍ ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ የተሠራ ድርብ መስታወት እናስብ። በመካከሉ የታሸገው አየር የዚያን ስፍራ ግፊት ይዟል። በመኪና ተጭኖ ወደ እኛ ሲደርስ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው የ25 ኪሎ ፓስካል ልዩነት ይፈጠራል። ይህም መስታወቱ ምንም ባይለጠጥ ኖሮ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ቶን ተኩል እንደ መጫን ነው።

መስታወት ግን ይለጠጣል። ሁለቱ ገጾች ወደ ውጭ ይቆለመማሉ፤ የውስጡ ቦታ ሲሰፋም ግፊቱ ይቀንሳል። ትልልቅ መስታወቶች በቀላሉ ስለሚቆለመሙ ብዙም አይጎዱም። ትንንሾቹ ግን ግትር ስለሆኑ ወይ ይሰነጠቃሉ፣ ወይ ጠርዛቸውን ያሸገው ማጣበቂያ ቀስ በቀስ ይለቃል። የጥንት መስኮቶች ደግሞ የተከፋፈሉት በትንንሽ መስታወቶች ነው! ማሸጊያው ከለቀቀ እርጥበት ገብቶ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም ይሠራል፤ ይህ ጉም በውስጥም በውጭም ቢወለወል አይጠፋም። መድኃኒቱ ድርብ መስታወቱን እዚሁ ከፍታ ላይ ማሸግ፣ ወይም ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ያለውን ማዘዝ ነው። ስለዚህ ድርብ መስታወት የሚገዛ ሰው «የታሸገው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አያፍርም።

እንጨቱና ጠላቱ

የታችኛው እንጨት መፈረፈሩ ግን እውነተኛ ችግር ነው። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ለመኖር በእንጨቱ ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ሥራቸውን ያቆማሉ። ለዚህ ነው ከአንድ መስኮት ላይ ላይኛው ክፍል መቶ ዓመት ሲሞላው እንደ አዲስ ሆኖ፣ ውኃ የሚያርፍበት ታችኛው ብቻ የሚበሰብሰው። ውኃውን ያስገባው ብዙውን ጊዜ በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ልጥፍ መሰንጠቁና የቀለሙ መላጥ ነው። ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም። በከፍታ ቦታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ያልተቀባ እንጨት የሚያያዝበት ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር እየፈረሰ እንጨቱ ይሸብታል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውኃ ይቀበላል።

የምርመራው መሣሪያ ወስፌ ነው። ወስፌውን በእንጨቱ ላይ ጫን አድርጎ በየሁለት ጣት ርቀት መሞከር ነው። በጤነኛ እንጨት ላይ ጫፉ ብቻ ይገባል፤ በበሰበሰው ላይ ይሰጥማል። በአራቱ መስኮቶች ላይ ስንሞክር በሦስቱ ላይ የበሰበሰው የታችኛው አግዳሚ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በአራተኛው ላይ፣ የጣራው አሸንዳ ቀዳዳ ከበላዩ ስለነበር፣ ወስፌው እስከ ወገቡ ድረስ እየሰጠመ ወጣ።

የበሰበሰውን ቆርጦ በምትኩ አዲስ እንጨት መቀጠል ይቻላል። እነዚህ መስኮቶች የተሠሩት የአንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ በሽብልቅ በሚያያዝበት ጥበብ ስለሆነ፣ ሽብልቁ ሲወጣ ይፈታሉ፤ አካላቸው በየራሱ ይለወጣል። ለዚህ የሚሆነው እንጨት ግን የተገኘው ሁሉ አይደለም። ነባሩ የሐበሻ ጥድ ነው። በሳይንሳዊ መጠሪያው ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሚባለው ይህ ዛፍ እጅግ በዝግታ ያድጋል። ቀዩ የውስጥ እንጨቱ በያዘው ጠረናማ ዘይት ምክንያት ምስጥም ፈንገስም ይሸሹታል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን በብዙ ስለሚሸማቀቅና ስለሚጠማዘዝ ለመስኮት ክፈፍ አይመችም። ዛሬ ለመስኮት ሲባል ጥድ ይቆረጥ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። የፈረሱ ቤቶች እንጨት ግን አለ። ለማገዶ የሚሸጠውን አሮጌ ጣውላ በቢላ ፋቅ አድርጎ ማሽተት ነው፤ ጥድ ከሆነ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ልጥፉ የተሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት ውኃ እንደሚደርቅ በመትነን አይደርቅም። በሞለኪውሎቹ ውስጥ ያሉት ድርብ ትስስሮች ከአየር ኦክስጅን ወስደው እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ወደ ጠጣርነት ይለወጣሉ። ሂደቱ ሙቀት ያመነጫል። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨባብጦ በማዕዘን ቢጣል ሙቀቱ መውጫ አጥቶ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር፣ ጨርቁ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በእንጨት ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጨርቁን በውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። የአሮጌ ቀለምም ነገር እንዲሁ ነው። የቀድሞ የዘይት ቀለሞች ብዙውን ጊዜ እርሳስ ስለነበረባቸው በደረቁ መፋቅ ወይም በእሳት ማቃጠል አደገኛ ነው። አቧራው በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እያረጠቡ መፋቅ፣ አፍንጫና አፍን መሸፈን፣ ልጆችን ማራቅ ይገባል።

ስለ መስታወቱ

አሮጌ መስታወት ከታች ወፈር ብሎ ሲገኝ «መስታወት ፈሳሽ ስለሆነ በዘመናት ብዛት ወደ ታች ፈስሶ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም በተማሪነቴ ይህንኑ አምኜ ለሌሎች አስተምሬያለሁ። ስሕተት ነው። የብራዚሉ ሳይንቲስት ኤድጋር ዛኖቶ እ.ኤ.አ በ1998 ባሳተመው ስሌት እንዳሳየው፣ በክፍል ሙቀት መስታወት በዓይን እስኪታይ ድረስ እንዲፈስ የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ እንኳ አይበቃውም። ውፍረቱ የተዛነፈው ሲሠራ ነው። ዛሬ የምናውቀው ፍጹም ልሙጥ መስታወት የተገኘው እ.ኤ.አ በ1959 ይፋ በሆነው፣ ቀልጦ በተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ መስታወትን በማንሳፈፍ ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት በትንፋሽ ተነፍቶና ተሰንጥቆ ይዘረጋ፣ ወይም በመኪና እየተሳበ ይወጣ ነበር። በአሮጌ መስኮት ውስጥ ስናይ የመንገዱ ሰው የሚወዛወዝ የሚመስለን ለዚህ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የከተማይቱ ቤቶች መስታወት ቢያንስ የመንገዱን እኩሌታ በግመልና በአጋሰስ ጀርባ ተጉዞ ሳይሰበር የደረሰ ነው። ሲነቀል ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ወዳጄ ከሃያ አራቱ መስታወቶች አሥራ አንዱ ብቻ ነባሮች መሆናቸውን ሲቆጥር በዝምታ ቆየ።

ስለ ጩኸቱ በአጭሩ ለመናገር፣ ድምፅ የሚገባው በዋነኛነት አየር በሚገባበት ቀዳዳ ነው። ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ለሚቀረው ደግሞ ከነባሩ መስታወት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ተደራቢ መስታወት፣ ጠባብ ክፍተት ካለው የታሸገ ድርብ መስታወት የተሻለ ይከላከላል።

ከመዝጋት በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ

ክፍተቱን ዝጉ ስል አንድ ነገር አስፈራኝ። በብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ቡና ይፈላበታል፣ በብርድ ጊዜም ይሞቅበታል። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ይያያዛል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም። የወዳጄ አያት በዚያ በሚያፈስ መስኮት ሥር ለዘመናት ከሰል አንድደው በሰላም የኖሩት ምናልባት መስኮቱ ስለሚያፈስ ነው። ስለዚህ መስኮት በደንብ የተገጠመበት ክፍል፣ በአሉሚኒየምም ይሁን በተጠገነ እንጨት፣ የነደደ ከሰል ፈጽሞ ሊገባበት አይገባም፤ በግድግዳው ራስ አጠገብም ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር መውጫ ሊኖረው ይገባል።

መቼ ይነቀል?

አሮጌ መስኮት ሁሉ አይነካ ማለቴ አይደለም። አራተኛው መስኮት ቋሚዎቹ ሳይቀሩ በስብሰዋል፤ ቢጠገን ከነባሩ የሚተርፈው ከሲሶ አይበልጥም። እንዲህ ሲሆን ልኩን፣ የመስታወቱን አከፋፈልና የእንጨቱን ቅርጽ ጠብቆ አምሳያውን መሥራት ተገቢ ነው። የእንጨት ሥራ ውድ ነው፣ ባለሙያውም እንደ ቀድሞው በየሰፈሩ አይገኝም፤ ይህን መካድ አይቻልም። አሉሚኒየም አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይጠይቅም። በአዲስ ሕንፃ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ከወዳጄ ጋር እስማማ ነበር።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የባለቤቱ ምርጫ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ በቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ለማመልከት ባዶ እጅ ከመሄድ ይልቅ የእያንዳንዱን መስኮት ፎቶግራፍ፣ ልኩንና የበሰበሰበትን ስፍራ የሚያሳይ ንድፍ ይዞ መቅረብ ይበጃል። ወዳጄ በወስፌው ምርመራ ጊዜ የያዘው ማስታወሻ ለዚሁ አገልግሎታል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አሸንዳው ይጠገናል፤ ይህ ሳይሆን መስኮቱን መንካት ከንቱ ነው። ሦስቱ መስኮቶች የታችኛው አግዳሚያቸው ብቻ ይለወጣል፤ አራተኛው በአምሳያው ይሠራል፤ መዝጊያዎቹም ከምስማራቸው ይፈታሉ። የአሉሚኒየም ሠራተኛውም አልተሰናበተም። በመኝታ ክፍሉ በኩል የሚቆመውን ተደራቢ መስታወት የሚሠራው እርሱ ስለሆነ በድጋሚ መጥቶ ለክቷል። አናጺው ግን አሁን አይጀምርም፤ እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቆ በጥር ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል።